ከቡቺ ጋር ሦስት ቦታ ዞርን፦ ማውንት ቨርነን፣ ሃርፐርስ ፌሪ፣ ሸናንዶዋ

ውሻ ያላችሁ ወዳጆቼ እረፍት በደረሰ ቁጥር አንድ ጥያቄ ትጠይቁኛላችሁ። ውሻውን የት ትተነው እንሂድ? እኔ ደግሞ ለምን ትተዉታላችሁ እላለሁ። ይዛችሁት ሂዱ። ግን የት ድረስ እንደሚገባና የቱ በር ላይ እንደሚቀር ቀድማችሁ እወቁ። ጣጣው ሁሉ ያለው እዚያ ላይ ነው።

በሰኔ መጨረሻ ጥቂት ቀን እረፍት ወስጄ ከባለቤቴ፣ ከልጃችን፣ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን ከመጣችው እናቴና ከቡቺ ጋር ቨርጂኒያንና ዌስት ቨርጂኒያን ዞርን። ቡቺ አምስት ዓመቱ ነው። ከመጠለያ ነው የወሰድነው። ላብራዶር እንዳለበት ያስታውቃል፣ ሌላ ምን እንደተቀላቀለበት ግን እንጃ። 24 ኪሎ ይመዝናል። ሰው ይወዳል፣ ሙቀት አይችልም። በግ አይቶ አያውቅም ነበር፣ እሱን አሁን አመጣዋለሁ።

መጀመሪያ ማውንት ቨርነን ሄድን። የጆርጅ ዋሽንግተን ቤትና እርሻ የነበረው ቦታ ነው፣ ፖቶማክ ወንዝ ዳር። እኛ አሌክሳንድሪያ አካባቢ ስለምንኖር ቅርባችን ነው። ዲሲም ሲልቨር ስፕሪንግም ያላችሁ በግማሽ ቀን ደርሳችሁ ትመለሳላችሁ። ውሻ በገመድ እስከያዛችሁት ድረስ ግቢው ውስጥ ይገባል። ወደ ቤቶቹ ውስጥ ግን አይገባም። ይሄን ትኬት ስትቆርጡ አስቡበት፣ ምክንያቱም የዋናው ቤት ጉብኝት በሰዓት የተመደበ ነው። ሁላችሁም አንድ ሰዓት ላይ ከቆረጣችሁ ውሻውን የሚይዝ ሰው አይኖርም። እኛ በሁለት የተለያየ ሰዓት ቆረጥን። መጀመሪያ እናቴና ባለቤቴ ገቡ፣ እኔና ልጄ ከቡቺ ጋር ሣሩ ላይ ተቀመጥን። ከዚያ ተቀያየርን። ለእኛ በደንብ ሠርቷል። ደግሞ ውጭ መጠበቁ የሚያስከፋ አይደለም። ከቤቱ ጀርባ ያለው ሜዳ ወደ ወንዙ ቁልቁል ይወርዳል፣ ማዶ ያለው የሜሪላንድ ዳርቻ ጫካ ብቻ ነው፣ ነፋስም አለ። ቡቺ ሆዱን ሣሩ ላይ ዘርግቶ ተኛ።

ስለ ግቢው አንድ ነገር ልንገራችሁ። ዋሽንግተን ራሱ ውሻ የሚወድ ሰው ነበር። ቀበሮ ለማደን ውሻ ያራባ ነበር፣ ስማቸውንም በማስታወሻው ላይ ይጽፍ ነበር። አንዷ ስዊት ሊፕስ ትባላለች፣ ጣፋጭ ከንፈር እንደማለት ነው። በ1785 ደግሞ ወዳጁ ፈረንሳዊው ጄኔራል ላፋዬት ከፈረንሳይ ሌሎች አዳኝ ውሾች ልኮለታል። ከእነሱ አንዱ ቩልካን የሚባለው ከማድ ቤት የተዘጋጀ ሥጋ ይዞ እንደሮጠ በቤተሰቡ ይወራ ነበር። ልጄ ይሄን ሲሰማ ቡቺን አቅፎ «አንተም እንደሱ ነህ» አለው።

እስከዚህ ደስ ይላል። ግን ታሪኩ እዚህ ላይ ካበቃ ቦታውን በግማሽ ነው ያያችሁት። በ1799 ዋሽንግተን ሲሞት ማውንት ቨርነን ውስጥ 317 ሰዎች በባርነት ይኖሩ ነበር። እነሱም ውሻ ነበራቸው። በ1792 ዋሽንግተን ለእርሻው ኃላፊ በጻፈው ደብዳቤ ይቅሩ ከተባሉት በቀር ጥቁሮቹ ውሻ እንዳይኖራቸው አዘዘ። ደብቆ ያስቀረ ወይም ያመጣ ሰው በከባድ እንዲቀጣ፣ ውሻውም እንዲሰቀል። ውሾቹ በጎቹን ይጎዳሉ፣ ሰዎቹንም ሌሊት ለስርቆት ይረዷቸዋል የሚል ነበር ምክንያቱ። ስለዚህ ደብዳቤ ከመሄዴ በፊት አንብቤ ነበር። እዚያ ደርሼ የቡቺን ገመድ እጄ ላይ ጠምጥሜ ስቆም ግን ሌላ ነገር ሆነብኝ። አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ የሌላ ሰው እርሻ ሲሠራ ውሎ ማታ ወደ ጎጆው ሲመለስ ጭራውን እየቆላ የሚቀበለው ውሻ ነበረው። እሱንም ወሰዱበት። የባሮቹ መኖሪያና መቃብራቸው የነበረው ቦታ ግቢው ውስጥ ስላለ ሳታዩ እንዳትወጡ። መታሰቢያው ከዋሽንግተን መቃብር ትንሽ ወረድ ብሎ ዛፍ ሥር ነው፣ ጸጥ ያለ ነው።

መቃብሩ ጋ ስንደርስ እናቴ ቆመች። «ውሻ ወደ መቃብር አይቀርብም ልጄ» አለችኝ። «እማዬ፣ እዚህ ይፈቀዳል እኮ» አልኳት። «ይፈቀድ፣ እኔ ግን ደስ አይለኝም» አለች። አልተከራከርኳትም። ያደገችው ውሻ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር በማይገባበት አገር ነው፣ እኔም እንደዚያው። ገመዱን ተቀበለችኝና ከመንገዱ ዳር ካለች ዛፍ ሥር ቆመች። እኛ ደርሰን እስክንመለስ ቡቺ እግሯ ሥር ቁጭ ብሎ ይጠብቅ ነበር፣ እሷ ደግሞ በነጠላዋ ጫፍ ዝንብ ታባርርለት ነበር። ታላላቆቻችሁን ይዛችሁ ስትሄዱ ይሄን አስቡበት። ቦታው ስለፈቀደ ብቻ አብሯችሁ ያለው ሰው ይቀበለዋል ማለት አይደለም።

ከሁሉ የወደድነው ታች ወንዙ ዳር ያለውን እርሻ ነው። በጎች አሉ፣ ያረሱ የሚመስሉ ትላልቅ በሬዎችም አሉ። ቡቺ በጎቹን ሲያይ ደረቀ። ጆሮው ቆመ፣ አንድ የፊት እግሩን አንስቶ ቀረ። አልጮኸም። አንዷ በግ ቀና ብላ አየችውና መሬቱን በእግሯ መታች። እሱ ወደ ኋላ ሄዶ እግሬ መሃል ገባ። ገመዱን አሳጥሬ ያዝኩት፣ ከአጥሩም ራቅ አልን። የእርሻ እንስሳ ባለበት ቦታ ውሻችሁ ጨዋ ቢሆንም አጥር ድረስ አታቅርቡት። በጎቹ ይደነግጣሉ።

እዚያው አጠገብ 16 ጎን ያለው ጎተራ የመሰለ ትልቅ የእንጨት ቤት አለ። ንድፉን ያወጣው ዋሽንግተን ነው፣ አሁን ያለው ግን እንደገና የተሠራ ነው። ስንዴው ፎቁ ላይ ይነጠፋል፣ ፈረሶች እየዞሩ ይረግጡታል፣ ፍሬው በወለሉ ክፍተት ወደ ታች ይወርዳል፣ ገለባው ላይ ይቀራል። ላስረዳት አፌን ስከፍት እናቴ ቀደመችኝ። «ይሄማ አውድማ ነው» አለች። «እኛ በበሬ ነው የምናበራየው፣ እነሱ ጣሪያ ሠሩለት።» ከዚያ ለልጄ አያቷ እንዴት እንደሚያበራዩ፣ በመንሽ እንዴት ወደ ነፋስ እንደሚበትኑ ታወራለት ጀመር። ባለቤቴ ሰዓት ብታሳየኝም ማቋረጥ አልፈለግኩም። ለዚህች ሩብ ሰዓት ብቻ ሙሉ ትኬቱን እንደገና እከፍላለሁ።

አንድ ችግር አለው፣ ቁልቁለቱን ስትመለሱ ዳገት ነው። ጉልበት ለሚያመው ሰው ከብዷል። እናቴ ሦስት ጊዜ አረፈች። ውሃ በብዛት ያዙ፣ ለሰውም ለውሻም።

ማታ ሆቴል ላይ ተናደድኩ። ስሙን አልጠራም። ቦታ ስንይዝ ውሻ ይቀበላል ይላል። ስንደርስ እንግዳ መቀበያው ላይ ያለው ልጅ ቡቺን አየና «ስንት ይመዝናል?» አለኝ። ነገርኩት። ከተፈቀደው ክብደት በላይ ነው አለ። ከዚያ የውሻ ክፍያ 75 ዶላር እንዳለ፣ እሱም ክፍሉን ስንይዝ ያልታየ መሆኑ ታወቀ። እናቴ ደክሟት ሶፋው ላይ ተቀምጣለች፣ ልጄ ተኝቷል፣ ሌላ ሆቴል መፈለግ አይታሰብም። ኃላፊዋ መጣችና ክብደቱን በዝምታ አለፈችው፣ ክፍያውን ግን ከፈልን። እኔን ያናደደኝ ገንዘቡ ሳይሆን በር ላይ መነገሩ ነው። እባካችሁ ደውሉ። ሦስት ነገር በስልክ ጠይቁ፦ የክብደት ገደብ አለ ወይ፣ ክፍያው በሌሊት ነው ወይስ በአንድ ቆይታ፣ ውሻውን ክፍል ውስጥ ብቻውን መተው ይፈቀዳል ወይ። ሦስተኛዋን ብዙ ሰው ይረሳታል። ካልተፈቀደ እራት የምትበሉት በተራ ነው ወይ ደግሞ ፒዛ አስመጥታችሁ አልጋ ላይ ነው። እኛ ፒዛ በላን።

ሃርፐርስ ፌሪ የምትባለውን የዌስት ቨርጂኒያ ከተማ ባጭሩ ልለፋት። ቦታው በጣም ያምራል። የሸናንዶዋ ወንዝ ከፖቶማክ የሚገናኝበት ሹል ጫፍ ላይ ቆማችሁ ዌስት ቨርጂኒያን፣ ቨርጂኒያንና ሜሪላንድን በአንድ ዓይን ታያላችሁ። ጆን ብራውን በጥቅምት 1859 ባርነትን በመሣሪያ ለማፍረስ የተነሳው እዚህ ነው። የጦር መሣሪያ ማከማቻውን ያዘ፣ ግን ባሮቹ ይነሳሉ ያለው ሳይሆን ቀረ፣ ከተከታዮቹ ጋር አንዲት የእሳት አደጋ መኪና ማቆሚያ ቤት ውስጥ ተከበበ፣ ተያዘ፣ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ተሰቀለ። ቤቷ አሁንም አለች። ትንሽ የሸክላ ቤት ናት፣ ይሄን ሁሉ ታሪክ ተሸክማ ማለፏ ያስገርማል። በ1893 ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ ለማሳየት ተፈትታ ቺካጎ ድረስ ተወስዳ ነበር። አሁን የቆመችው ከመጀመሪያ ቦታዋ ጥቂት ራቅ ብላ ነው።

ለውሻ ግን በሰኔ ሙቀት አልመክርም። ጎዳናዎቹ ላይ በገመድ መሄድ ይፈቀዳል፣ ሙዚየሞቹ ውስጥ አይገባም። ከተማዋ በሁለት ወንዝ መሃል ያለች ሸለቆ ስለሆነች ሙቀቱ ይታመቃል። የእጃችሁን ጀርባ አስፋልቱ ላይ አሳርፉ፣ እናንተን ካቃጠለ የእሱንም መዳፍ ያቃጥለዋል። እኔ ሞከርኩት፣ ወዲያው እጄን አነሳሁ። ከዚያ በኋላ በጥላና በሣር ብቻ ሄድን። ደግሞ ወደ ሜሪላንድ የሚያሻግረው የእግረኛ ድልድይ መጨረሻ ላይ የብረት ደረጃ አለ። ቡቺ አንድ ደረጃ ወርዶ ቆመ። ጎተትኩት፣ አልሄድም አለ። ተሸከምኩት። 24 ኪሎ ውሻ በጠባብ ደረጃ ይዞ መውረድ፣ ከታች ደግሞ ሰው እየወጣ፣ ጥሩ አይደለም። ትልቅ ውሻ ያላችሁ ድልድዩን ተሻግራችሁ እይታውን አይታችሁ ተመለሱ። ተሸክማችሁ መውረድ ከቻላችሁ ግን ከታች ያለው የድሮው የቦይ ዳር መንገድ ጥላ ነው፣ ሜዳ ነው፣ ለውሻ የተሠራ ይመስላል። በመከር ወይም በጸደይ ቢሆን ለሃርፐርስ ፌሪ ሌላ ግምገማ እጽፍ ነበር።

አሁን ወደ ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ። ውሻ ይዛችሁ አንድ ቦታ ብቻ የምትሄዱ ከሆነ እዚህ ሂዱ። ሌላውን ሁሉ ተዉት።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። በአሜሪካ አብዛኞቹ ትልልቅ ብሔራዊ ፓርኮች ውስጥ ውሻ ከፓርኪንግና ከካምፕ ቦታ አልፎ በእግር መንገዶቹ ላይ እንዲሄድ አይፈቀድም። ብዙ ሰው ይሄን ሳያውቅ አሥር ሰዓት ነድቶ ይሄድና ውሻውን ይዞ መኪና ውስጥ ይቀመጣል። ሸናንዶዋ ግን ከ500 ማይል በላይ የእግር መንገድ አለው፣ ውሻ የማይገባበት 20 ማይል ገደማ ብቻ ነው። ገመዱ ከ6 ጫማ እንዳይበልጥ ነው ሕጉ። ያ ተስቦ የሚረዝመው ገመድ ስለሚበልጥ ቤት ተዉት።

የተከለከሉትን ግን እወቁ፣ ምክንያቱም ታዋቂዎቹ እነሱ ናቸው። ኦልድ ራግ የሚባለው ተራራ አይፈቀድም፣ ድንጋይ ለድንጋይ የሚቧጠጥ ስለሆነ ለውሻ አደጋ ነው። ሰው ሁሉ የሚሮጥላት የዳርክ ሆሎው ፏፏቴ አይፈቀድም። «ስቶኒ ማን» የሚባለው ተራራም አይፈቀድም። እኛ ዳርክ ሆሎው መሄጃው ላይ ከውሻ ጋር የቆሙ ባልና ሚስት አገኘን። ምልክቱን እያነበቡ ነበር፣ ሴትዮዋ ልታለቅስ ደርሳለች። ወደ ሆክስቢል እንዲሄዱ ነገርናቸው።

ሆክስቢል የፓርኩ ከፍተኛ ጫፍ ነው፣ 4,050 ጫማ። ውሻ ይፈቀዳል። ከላይኛው ፓርኪንግ ከተነሳችሁ ደርሶ መልስ ሁለት ማይል ገደማ ነው፣ ዳገቱም አይገድልም። እናቴ አልወጣችም፣ ከባለቤቴ ጋር ጥላ ሥር ቡና ይዛ ቀረች። ቡናውን ከቤት በፔርሙዝ ነው ያመጣችው፣ ሌላ ቡና አትጠጣም። እኔ፣ ልጄና ቡቺ ወጣን። ታች ከተማ ላይ ሙቀቱ 90 ፋራናይት አልፎ ሳለ እዚያ ላይ ቀዝቃዛ ነፋስ ነበር። ቡቺ ሌላ ውሻ ሆነ። በየድንጋዩ ሥር ያሸታል፣ ዞር ብሎ ያየናል፣ እንደገና ይቀድማል። ጫፉ ላይ በድንጋይ የተሠራ መመልከቻ አለ። የሸናንዶዋ ሸለቆ ከሥር ተዘርግቷል፣ ሉሬይ የምትባለው ከተማ እንደ ጠጠር ትታያለች። ቡቺ አፍንጫውን ወደ ነፋሱ አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ። ልጄም አጠገቡ ቁጭ ብሎ እንደሱ ዓይኑን ጨፈነ። ፎቶ ላነሳ ስልኬን ሳወጣ ሁለቱም ዞሩ።

መግቢያው ለአንድ መኪና 30 ዶላር ነበር፣ ለሰባት ቀን ያገለግላል። ስካይላይን ድራይቭ የሚባለው የፓርኩ የመኪና መንገድ የተራራውን ጀርባ ይዞ 105 ማይል ይሄዳል፣ ፍጥነቱ 35 ማይል ብቻ ስለሆነ በግማሽ ቀን እጨርሰዋለሁ አትበሉ። ድብ አለ፣ አጋዘን አለ። ማታ ቢግ ሜዶስ ሜዳ ላይ አጋዘኖች በቅርብ ሲግጡ አየን። ቡቺ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ገመዱን በሁለት እጄ ያዝኩ።

እናቴ እዚያ ጠየቀችኝ። «ይሄ ሁሉ የገመድ ሕግ ለምንድነው? ዱር አይደለም እንዴ?» የነገርኳት የራሳችንን አገር ነው። ባሌ ተራሮች ላይ ያለው ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በስተቀር የትም የለም፣ የቀሩት ትልልቆቹ ደግሞ 500 አይሞሉም። እነሱን በተደጋጋሚ የፈጃቸው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ያመጣባቸው ደግሞ የሰው ውሻ ነው፣ ከብት ተከትሎ ወደ ተራራው የሚወጣው። ለዚህ ነው እዚያ የመንደሩን ውሾች የሚከትቡት። አንድ ያልተከተበ ውሻ አንድን የቀበሮ ቤተሰብ ሙሉ በሙሉ ሊጨርስ ይችላል። እናቴ ዝም ብላ ሰማችኝና «ይሄ ተከትቧል?» አለች ቡቺን እያየች። ተከትቧል። ወረቀቱም መኪና ውስጥ ነበር፣ የእናንተም ይኑር። ሆቴልም ሊጠይቃችሁ ይችላል፣ ውሻችሁ ከሌላ ውሻ ወይም ከዱር እንስሳ ቢጣላም መጀመሪያ የምትጠየቁት እሱን ነው።

ፌስታል በብዛት ያዙ። መንገድ ላይ ቆሻሻ መጣያ ስለሌለ የውሻውን ቆሻሻ እስከ መኪናው ይዛችሁ ነው የምትመለሱት። ፌስታሉን አሥሮ ዛፍ ሥር ትቶ መሄድ አለ፣ ብዙ አይተናል፣ እባካችሁ ይሄን አታድርጉ። ሌላው ሰው ውሻ ይከልከል የሚለው በዚህ ነው።

መዥገርም ነገር አለ። ከሣር በወጣችሁ ቁጥር ፈትሹት፣ ጆሮው ውስጥ፣ ብብቱ ሥር፣ በጣቶቹ መሃል፣ አንገት ማሰሪያው ሥር። እኛ ፓርኪንጉ ላይ ፈትሸን ምንም የለም ብለን ነበር። ማታ እናቴ ጭንቅላቱን ስታሻሽ ከጆሮው ጀርባ አንድ አገኘች። አልጮኸችም፣ ወረንጦ አምጡልኝ አለችና ከሥሩ ይዛ ቀጥ አድርጋ ሳበችው። ከብት ጋ ያደገች ናት።

ለባሕር ለምታስቡ አንድ ነገር ልጨምር። አሳቲግ ደሴት ከቡቺ ጋር ከዚህ በፊት ሄደናል። የሜሪላንዱ በኩል ባለው የብሔራዊ ፓርክ ዳርቻ ውሻ በገመድ የሚፈቀድበት ቦታ አለ። የቨርጂኒያው በኩል ግን መኪና ውስጥ እንኳን ይዛችሁ መግባት አትችሉም። ደሴቱ አንድ ነው፣ መግቢያው ሁለት፣ እና በየብስ እየዞሩ ከአንዱ ወደ ሌላው መሄድ ረጅም ነው። መንገድ መሪውን ስትከፍቱ የቱን በኩል እንደጻፋችሁ ተመልከቱ።

እኛ በጥቅምት ቅጠሉ ሲቀላ ወደ ሸናንዶዋ እንመለሳለን። ሉዊስ ማውንቴን የሚባለውን ካምፕ አላየንም፣ ጊዜ አልበቃንም። በ1939 ሲከፈት ለጥቁሮች ብቻ ተለይቶ የተሠራ ነበር፣ ነጮቹ በሌሎቹ ያርፉ ነበር። አሁን ማንም ያድርበታል፣ ውሻም በገመድ ይፈቀዳል። ድንኳን ተውሰናል። እናቴ እስከዚያ አዲስ አበባ ትመለሳለች፣ ግን ፔርሙዙን ትታልን ነው የምትሄደው።